ክላሲክ ማስል ካር ልትገዙ ነው? ማስታንግ፣ ካማሮ፣ ሼቬል፣ ጂቲኦ ወይስ ሞፓር

እዚህ አሜሪካ፣ በተለይ ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ያላችሁ ልጆች አሁን አሁን "የ60ዎቹን ማስል ካር መግዛት አምሮኛል፣ የቱን ልግዛ?" እያላችሁ ትጠይቃላችሁ፣ ጥያቄው ደሞ ሁሌ ሚመጣው በስም ነው፣ ማስታንግ ወይስ ካማሮ፣ ቻርጀር ወይስ ቻሌንጀር። ማስል ካር ማለት ጉልበተኛ ቪ8፣ ማለትም ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር የተገጠመለት የዛ ዘመን የአሜሪካ መኪና ነው። ለኔ ግን ስሙ ሦስተኛ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ሚመረጠው ያለቀለት ነው፣ ሚነዳ ነው ወይስ ፕሮጀክት ሚለው ነው፣ ሁለተኛ ቦዲው፣ ስም ከዛ በኋላ ይመጣል። ለምን እንደዚ እንደምል ቀስ እያልኩ አስረዳለሁ፣ ትንሽ ይረዝማል፣ ገንዘቡ ግን የብዙ ወር ልፋት ስለሆነ ታግሳችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ስለ የትኞቹ አመታት እንደምናወራ እንስማማ። ብዙ ሰው መነሻ አድርጎ ሚይዘው የ1964ቱን ፖንቲያክ ጂቲኦ ነው። ጂኤም (ጄኔራል ሞተርስ፣ የፖንቲያክና የሼቭሮሌት እናት ድርጅት) በዛን ጊዜ መካከለኛ መኪኖቹ ላይ ከ330 ኪዩቢክ ኢንች በላይ ሞተር እንዳይገባ ከልክሎ ነበር፣ ፖንቲያክ ቤት የነበሩት እነ ጆን ዴሎሪያን ግን 389ኙን ቪ8 እንደ ተጨማሪ አማራጭ አድርገው ቴምፔስት ለማንስ ሚባለው መኪናቸው ላይ አስገቡት፣ ጂቲኦ ያሉት እሱን ነው፣ በመጀመሪያው አመት ብቻ 32,450 ተሸጠ። የፎርዱ ማስታንግ ደሞ በዛው አመት ኤፕሪል 17 ኒውዮርክ ወርልድስ ፌር ላይ በ2,368 ዶላር መነሻ ዋጋ ወጣ። ጥብቅ የሆኑት ሰዎች ማስታንግና ካማሮ ፖኒ ካር (አነስ ያለ ስፖርታዊ መኪና) እንጂ ማስል ካር አይደሉም ይላሉ፣ ለገዢ ግን አንድ ገበያ ስለሆኑ አንድ ላይ ነው ማያቸው።

መጨረሻው ደሞ 1971 እስከ 1973 ነው። በ1971 ጂኤም ሞተሮቹ እርሳስ ባነሰበት ቤንዚን እንዲሰሩ ብሎ ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሩ ውስጥ ያለውን ጭመቃ) ቀነሰ፣ በ1972 የፈረስ ጉልበት አለካኩ ራሱ ከግሮስ (ሞተሩ ለብቻው ሲለካ) ወደ ኔት (መኪናው ላይ እንዳለ ከነተጨማሪ ዕቃው ሲለካ) ተቀየረ፣ በ1973 መጨረሻ የአረቦቹ የነዳጅ ማዕቀብ መጣ፣ በቃ ዘመኑ ተዘጋ። ይሄ ለገዢ ምን ይጠቅመዋል ካላችሁ፣ የ1970 መኪና 300 ምናምን ፈረስ ጉልበት ተብሎ የ1972ቱ በጣም ዝቅ ብሎ ስታዩ ያ ሁሉ ልዩነት የሞተሩ ድካም አይደለም፣ መለኪያው ስለተቀየረም ነው። ስለዚ 71 እና 72 ሞዴሎች ከ69 እና 70ዎቹ ብዙ ጊዜ ረከስ ብለው ይገኛሉ፣ ለመንዳት ለሚፈልግ ሰው ደሞ ምንም አይላቸውም።

ያለቀለት፣ ሚነዳ፣ ፕሮጀክት

ያለቀለት ማለት ቦዲው፣ ቀለሙ፣ ሞተሩ፣ ውስጡ ሁሉ ታድሶ የተዘጋጀ ነው። ሚነዳ ማለት እንከን አለው፣ ቀለሙ የቆየ ነው፣ ወንበሩ ተሰንጥቋል፣ ግን ቁልፍ አዙረህ ትሄዳለህ። ፕሮጀክት ደሞ በካርቶን የተሞሉ ዕቃዎች ያሉት፣ ሞተሩ ወጥቶ ጥግ የተቀመጠ፣ አንዳንዴ ባለቤትነት ወረቀቱ እንኳ ማይገኝ ነው።

ሰው ሁሉ ልቡ ሚሄደው ፕሮጀክቱ ጋ ነው፣ ዋጋው ስለሚያጓጓ። አዲስ አበባ ቮልስ ወይ ሰይቼንቶ ሲታደስ አይቶ ያደገ ሰው ደሞ "ምን ችግር አለው፣ ቀስ እያልኩ እሰራዋለሁ" ይላል። እዛ እኮ ላሜራ ቀጥቃጩ፣ በያጁ፣ ቀለም ቀቢው አንድ ሰፈር ናቸው፣ የእጅ ዋጋውም ሌላ ነው። እዚህ ግን ቦዲ ሾፕ በሰአት ከ100 ዶላር በላይ ይጠይቃል፣ የ60ዎቹ መኪና ቦዲ ደሞ በመቶዎች ሚቆጠር ሰአት መብላት ይችላል። ደህና ቀለም ብቻ ከነዝግጅቱ ከ15,000 ዶላር ማለፉ የተለመደ ነው። ሁሉንም ደምሩትና ፕሮጀክት ገዝቶ በሰው ማሰራት ያለቀለትን ከመግዛት በላይ ነው ሚያስወጣው፣ ይሄ በሁሉም ሞዴል ላይ ማለት ይቻላል እውነት ነው። ያለቀለትን ሚሸጠው ሰውዬ ያወጣውን ሙሉ በሙሉ አይመልስም፣ ያ ኪሳራ ለገዢው ጥቅም ነው።

ሌላው ቦታ ነው። ብዙዎቻችን አፓርትመንት ወይ ታውንሃውስ ነው ያለነው፣ ብዙ ኤችኦኤዎች (የሰፈሩ የቤት ባለቤቶች ማህበሮች) ደሞ ማይንቀሳቀስ ወይ ታርጋ የሌለው መኪና ውጪ ማቆም ይከለክላሉ፣ ካውንቲውም የራሱ ደንብ አለው። ዝግ ጋራዥ ከሌላችሁ ፕሮጀክት ሚባለውን ከነጭራሹ እርሱት። ጊዜውንም አስቡ፣ ኡበር ወይ ትራክ ለሚነዳ ሰው ቅዳሜ ጋራዥ ውስጥ ማሳለፍ ማለት ያን ቀን ገቢ የለም ማለት ነው፣ ከደስታው ጋር አብራችሁ ሂሳብ ውስጥ አስገቡት።

ፕሮጀክት ሚያዋጣው መቼ ነው? ራሳችሁ ብየዳ ምትችሉ ከሆነ፣ ወይም መኪናው እጅግ ተፈላጊ ሆኖ ያለቀለቱ ዋጋ ሰማይ ከነካ፣ ወይም ስራው ራሱ ነው ደስታዬ ካላችሁ። ሦስተኛው በጣም ሚከበር ምክንያት ነው፣ ካርቡራተር ፈታ አድርጎ አጥቦ ገጥሞ ሞተሩ መጀመሪያ ሲነሳ መስማት በገንዘብ አይተመንም። ብቻ ርካሽ ስለሆነ ብላችሁ አትግቡበት።

ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚገዛ ሰው የኔ ምርጫ ግልፅ ነው፦ ሚነዳውን ግዙ። ቦዲው ጤነኛ፣ ሞተሩ ሚሰራ፣ ቀለሙና ወንበሩ ያረጀ። እየነዳችሁ አንድ በአንድ ታስተካክላላችሁ፣ ፍሬኑን በዚህ ክረምት፣ ወንበሩን በሚቀጥለው።

ሞተር ይገዛል፣ ቦዲ ግን

የአሜሪካ ቪ8 ሞተር በአለም ላይ ዕቃው በቀላሉ ከሚገኝለት ሞተር አንዱ ነው። የሼቭሮሌት 350 ወይ የፎርድ 302 ቢሞትባችሁ የተሰራ ክሬት ሞተር በሺህ ቤት ታዛላችሁ፣ ካንዴላው፣ ፓምፑ፣ ቴስታታው ኦቶ ዞን ሚባለው ተራ የዕቃ ሱቅ ድረስ አለ። ካምቢዮም እንደዛው። ዝገት ግን ሌላ ነገር ነው፣ የበሰበሰ መሬት ወይ ፍሬም ሬይል (ከስር ያለው ተሸካሚ ብረት) መቀየር ማለት መኪናውን መበታተን ማለት ነው። ስለዚ ስትመርጡ ሞተሩ ቆሞ ቦዲው ጤነኛ የሆነውን ሞተሩ ሚያጓራ ግን ቦዲው ከተበላው አስበልጡ።

እዚህ ጋ የአካሉን አሰራር ማወቅ ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የዝገት ክብደት በዛ ይለያያል። ማስታንግና የክራይስለር ቤተሰቦች (ዶጅ፣ ፕሊመዝ፣ ሞፓር ሚባሉት) ዩኒቦዲ ናቸው፣ ለብቻው ሻንሲ የላቸውም፣ መሬቱና ሬይሉ ራሱ ነው መኪናውን የተሸከመው፣ እሱ ከዛገ መኪናው አቅም አጣ ማለት ነው። የሼቭሮሌቶቹ ካማሮና ከ1968 ወዲህ ያለው ኖቫ መሀል ላይ ናቸው፣ ፊት ለፊቱ በብሎን የታሰረ ንዑስ ፍሬም አለው፣ ኋላው ዩኒቦዲ ነው። የሼቭሮሌቱ ሼቬልና የፖንቲያኩ ጂቲኦ ሙሉ ሻንሲ አላቸው፣ ቦዲው ተነስቶ ሻንሲው ለብቻው ይታደሳል፣ የመሬት ዝገት እንደ ማስታንግ አያስፈራም፣ ሻንሲውን ግን ከኋላ ጎማ በላይ የሚጎብጠው ጋ በደንብ እዩት፣ ጭቃና ጨው እዛ ይጠራቀማል።

ማስታንግ ላይ መጀመሪያ ሚታየው ካውል ነው፣ ከፊት መስታወቱ ስር፣ ኮፈኑ ሚያልቅበት ጋ ያለው ባለ ቀዳዳ ክፍል። አየር ማስገቢያ ነው፣ ውሃም ይገባበታል፣ የ65 እና 66 ሞዴሎች ውስጡ ቀለም በደንብ ስላልነካው ከውስጥ ይበሰብሳል፣ ከውጪ ምንም አይታይም። አንድ ጆግ ውሃ ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩን አስፈቅዳችሁ ቀስ ብላችሁ ካውሉ ላይ አፍስሱት፣ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ በባትሪ መብራት ከዳሽቦርዱ ስር ይይ። ውሃው ከፓራፋንጎው ኋላ በኩል ወደ መሬት ከወረደ ጥሩ ነው፣ ምንጣፉ ላይ ከተንጠባጠበ ካውሉ አልቋል። ያንን ለመስራት ፊቱን ሁሉ ፈትቶ በመቶዎች ሚቆጠሩ የስፖት ብየዳ ነጥቦችን እየበሱ ማላቀቅ ነው፣ ስራው ለብቻው ዋጋ ያስቀንሳል። ሻጩ ውሃ አላስፈስስም ካለ እሱም መልስ ነው።

ከዛ ማግኔት። ቀጭን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ከጎማው በላይ ያለውን ክብ፣ የበሩን ታች፣ የኋላ ጎኑን ታች እየነካካችሁ ሂዱ፣ ማግኔቱ ማይዝበት ቦታ ካለ እዛ ጋ ከቀለሙ ስር ያለው ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። ካማሮና ሼቬል ላይ ደሞ የኋላ መስታወቱ ዙሪያ ዋና ቦታ ነው፣ ቪኒል ጣሪያ ያለው ከሆነ ደግሞ ከስሩ እርጥበት ይይዝና ሳይታይ ይበላዋል። የኋላ ዕቃ መጫኛውን ምንጣፍ ገልጣችሁ እዩ፣ እዛ ጋ አዲስ ጥቁር ቀለም ብቻውን ተቀብቶ ካገኛችሁ ለምን እንደተቀባ ጠይቁ።

ከየት እንደመጣም ይለያል። ሚቺጋን፣ ኦሃዮ፣ ፔንስልቬንያ መንገድ ላይ ለበረዶ ጨው ይበተናል፣ የዛ አካባቢ መኪና ስሩ ይበላል። የአሪዞናና የደቡብ ካሊፎርኒያ መኪና ፀሀይ ዳሽቦርዱን ሰንጥቆት፣ ወንበሩን አቃጥሎት፣ ቀለሙን አጥፍቶት ይመጣል፣ ላሜራው ግን ደረቅ ነው። ዳሽቦርድና ወንበር በካታሎግ ታዝዞ በሳምንት ይመጣል። ከአሪዞና ወደ ቨርጂኒያ ማስጫን ክፍት ትሬለር ላይ ብዙ ጊዜ ከ1,000 እስከ 2,000 ዶላር ነው፣ ከአንድ የኋላ ጎን ብየዳ ያነሰ ነው፣ እኔ ብሆን ሁሌ ደረቁን ነው ማስመጣው።

አሁን ወደ ስሞቹ

ማስታንግ ከ1965 እስከ 1968። በ1966 ሞዴል አመት ብቻ 607,568 ተመርቷል፣ ይሄ ቁጥር ነው ትልቁ ጥቅሙ፣ ስለበዛ ዕቃው ሁሉ እንደገና ይመረታል፣ ከበር ላስቲክ እስከ ሙሉ አዲስ ቦዲ። ዳይናኮርን ሚባለው ድርጅት በፎርድ ፈቃድ አዲስ የማስታንግ ሼል ይሰራል፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ያለው ሲጄ ፖኒ ፓርትስ ደሞ ለኛ ቅርብ ነው። ስድስት ሲሊንደር ሃርድቶፕ (ተራው፣ ማይከፈት የብረት ጣሪያ ያለው) በደህና ሁኔታ ከ25,000 ዶላር በታች ይገኛል፣ ቪ8 ሃርድቶፑ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ፋስትባክ ሚባለው ጣሪያው እስከ ኋላ ሚወርደው ግን በጣም ይወደዳል። ሰው በፋስትባክ ፍቅር ገንዘቡን ጨርሶ የዛገ ይገዛል፣ በዛው ዋጋ በጣም ንፁህ ሃርድቶፕ ያገኝ ነበር።

ማስታንግ ላይ መኪናው ራሱ ይናገራል። የ65 እና 66 ቪን (የመኪናው መለያ ቁጥር) መጀመሪያው አመት ነው፣ ቀጥሎ የፋብሪካ ፊደል፣ ቀጥሎ ቦዲ (07 ሃርድቶፕ፣ 08 ኮንቨርቲብል ወይም ጣሪያው ሚከፈተው፣ 09 ፋስትባክ)፣ አምስተኛው ፊደል ሞተር ነው። ቲ ከሆነ ስድስት ሲሊንደር፣ ሲ ከሆነ ባለ 200 ፈረስ ጉልበት 289፣ ኤ ከሆነ 225፣ ኬ ከሆነ 271 ፈረስ ጉልበት ያለው ሃይ ፖ ሚባለው ውዱ። ቪን ከማንበባችሁ በፊት ደሞ ጎማውን ቁጠሩ፣ በፋብሪካ ስድስት ሲሊንደር የነበረ ጎማው በ4 ብሎን ነው ሚታሰረው፣ ቪ8 የነበረ በ5። ኮፈኑ ስር ቪ8 ተቀምጦ ጎማው 4 ብሎን ከሆነ አንድ ሰው ሞተሩን ብቻ ቀይሮ ፍሬኑን፣ የፊት ሰስፔንሽኑንና ዲፈረንሻሉን እንደ ነበረ ትቶታል ማለት ነው፣ እነዛ ደሞ ለትንሹ ሞተር የተሰሩ ናቸው። ይሄ ደህንነት ነው፣ በዋጋ ድርድር ብቻ ሚታለፍ አይደለም።

ካማሮ ከ1967 እስከ 1969። ጂኤም ለማስታንግ መልስ ብሎ በሴፕቴምበር 1966 ያወጣው ነው። አነዳዱ ለኔ ከማስታንግ ይሻላል፣ ፊቱ የተረጋጋ ነው፣ ሞተር ለመቀየርም ቦታ አለው፣ የማስታንግ ኮፈን ስር በሾክ ታወሮቹ (የፊት ሞላዎቹ ሚታሰሩባቸው ወደ ሞተሩ የገቡ ብረቶች) ምክንያት ጠባብ ስለሆነ ካንዴላ ማውጣት እንኳ እጅ ይልጣል። የ1969ኙ 243,085 ተመርቷል፣ ዕቃውም ልክ እንደ ማስታንግ ሞልቷል። ችግሩ ዋጋው ነው፣ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያለ ካማሮ ከሃርድቶፕ ማስታንግ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፣ እና ደሞ የውሸት ኤስኤስ (ሱፐር ስፖርት ሚባለው ጉልበተኛው አይነት) በዝቶበታል። ቪኑ 12437 ካለ ቪ8 ኩፔ ነው ማለት ብቻ ነው፣ ኤስኤስ ይሁን አይሁን፣ 350 ይሁን 396 ይሁን አይነግራችሁም። ባጅና ኮፈን ገዝቶ ኤስኤስ ማድረግ ቀላል ነው፣ ስለዚ ወረቀት የሌለውን ኤስኤስ በተራ ካማሮ ዋጋ ካልሆነ አትግዙት።

ካማሮ ወድዳችሁ ዋጋው ካስደነገጣችሁ ኖቫን እዩ፣ ከ1968 እስከ 1972 ያለውን። የፊት ንዑስ ፍሬሙ የካማሮው አይነት ነው፣ ሞተሩም ያው ነው፣ መልኩ ብቻ ነው ዝም ያለው።

ሼቬል ከ1966 እስከ 1972። ቤተሰብ ላለው ሰው ምመክረው ይሄን ነው፣ ኋላ ወንበሩ ላይ እውነተኛ ሰው ይቀመጣል፣ ማስታንግና ካማሮ ላይ ልጅ ብቻ ነው። ሻንሲ ስላለው ጠንካራ ነው፣ ከባድም ነው። እዚህ ላይ አመቱ ትልቅ ልዩነት ያመጣል፦ ከ1966 እስከ 1968 ያለው ኤስኤስ 396 የራሱ ቪን አለው፣ በ138 ይጀምራል፣ ስለዚ ማረጋገጥ ቀላል ነው። ከ1969 ጀምሮ ግን ኤስኤስ አማራጭ ፓኬጅ ሆነ፣ ቪኑ 136 ሆኖ ማሊቡ ከሚባለው ተራ ሼቬል ጋር ተመሳሰለ፣ ተጠንቀቁ። በ1970 የመጣው ኤልኤስ6 ሚባለው 454 ሞተር 450 ፈረስ ጉልበት ነበረው፣ ያ መኪና በኛ በጀት ሚነካ አይደለም፣ በማስታወቂያ ላይ ረክሶ ካያችሁት ደሞ አይደለም ማለት ነው።

ጂቲኦ። ታሪኩን ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ የለም፣ ዋጋውም ከታሪኩ አንፃር የተጋነነ አይደለም። ከ1966 እስከ 1971 ያለው እውነተኛ ጂቲኦ ቪኑ በ242 ይጀምራል፣ 64 እና 65ቱ ግን በቪን አይለዩም። ደስ ሚለው የፖንቲያክ የፋብሪካ መዝገብ ተርፏል፣ ፖንቲያክ ሂስቶሪክ ሰርቪስስ ቪኑን ከላካችሁላቸው ያ መኪና ምን ሞተር፣ ምን ቀለም፣ ምን ካምቢዮ ይዞ እንደወጣ ኮፒውን ይሰጧችኋል። የጂቲኦ ደካማ ጎን ሞተሩ የራሱ የፖንቲያክ መሆኑ ነው፣ የሼቭሮሌት ዕቃ አይገጥምለትም፣ ዕቃው አለ ግን እንደ ሼቭሮሌት 350 በየሱቁ አይደለም።

ሞፓር፦ ቻርጀር፣ ሮድ ራነር፣ ቻሌንጀር። ልቤ እዚህ ነው፣ የ1968ቱ ቻርጀር በአሜሪካ መኪና ውስጥ ከተሳሉት ሁሉ ያማረ ነው ብዬ አምናለሁ። በዛ አመት ወደ 96,000 ብቻ ነው የተሰራው፣ ከማስታንግ ጋር አወዳድሩት። ፈላጊው በዝቶ ዕቃው አነሰ፣ ስለዚ ሁሉም ነገሩ ውድ ነው፣ የፊት መብራቱን ሚሸፍኑት በቫኪዩም ሚከፈቱ ክዳኖች ብቻቸውን ራስ ምታት ናቸው። ፊቱ ስፕሪንግ ሳይሆን ቶርሽን ባር ነው፣ ኋላው ባሌስትራ፣ ጠንካራ ነገር ነው። ቪኑም እንደ ፎርድ አምስተኛው ፊደል ሞተሩን ይናገራል፣ 1968 ላይ ኤል ካለ 440፣ ጄ ካለ 426 ሄሚ ሚባለው ብርቅና በጣም ውድ ሞተር ነው፣ ሄሚ ካለ ደሞ ባለሙያ ሳትይዙ አትቅረቡ። ቻርጀር ከፈለጋችሁ ያለቀለትን ወይ ሚነዳውን፣ ፕሮጀክት ቻርጀር ግን ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ውስጥ በጣም ምከለክላችሁ እሱን ነው።

የሞፓርን ጣዕም በትንሽ ብር ከፈለጋችሁ ፕሊመዝ ደስተር 340 ወይ ዶጅ ዳርት አለ። ቀላል ቦዲ፣ 275 ፈረስ ጉልበት ያለው 340 ሞተር፣ ብዙ ትላልቅ ሞተር ያላቸውን መኪኖች ያስከነዳል።

ኦሪጅናል ነው፣ ኮፒ ነው ወይስ ሬስቶሞድ

"ማቺንግ ነምበርስ" ሚለውን ቃል በየማስታወቂያው ታያላችሁ፣ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው ሞተር አሁንም አለ ለማለት ነው። ዋጋ ስለሚጨምር ሁሉም ሻጭ ይለዋል። ማረጋገጫው ሞተሩ ላይ የተመታው የቪን ክፍል ነው፣ ያም ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ነው አጠቃላይ የሆነው። የ1966 ሲ ኮድ ማስታንግ ላይ ቪን ሞተሩ ላይ አይመታም ነበር፣ በኬ ኮዱ ላይ ብቻ ነው ሚገኘው፣ ስለዚ የ66 ሲ ኮድ ይዞ ማቺንግ ነው ሚላችሁ ሰው ቢበዛ የሞተሩ ብረት ቀልጦ በቅርፅ የፈሰሰበትን ቀን ነው ሊያሳያችሁ ሚችለው። ለ1967 እና ከዛ በኋላ ላለ ፎርድ ማርቲ ሪፖርት ሚባል አለ፣ ከፎርድ የምርት መዝገብ ሚወጣ ነው፣ ትንሽ ብር ነው፣ ከመግዛታችሁ በፊት እዘዙት። ሼቭሮሌት ላይ ግን አሜሪካ ውስጥ ለተሸጡት እንደዚ አይነት መዝገብ ስለሌለ ከመኪናው ጋር የመጣው የድሮ ወረቀት፣ ቢልድ ሺቱ (ፋብሪካው መኪናውን የሰራበት ዝርዝር)፣ የዋስትና ካርዱ ነው ያለው።

ለመንዳት ከሆነ ግን ማቺንግ ላይ ተጨማሪ ብር አታውጡ። የተሸጠውም እንደ ኮፒ ተብሎ በግልፅ ከሆነ ጥሩ የተሰራ ኮፒ ምንም ነውር የለውም፣ እንደውም ሳትሳቀቁ ትነዱታላችሁ። ሬስቶሞድ ሚባለው፣ ውጪው የድሮ ሆኖ ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ኤሲው አዲስ የሆነው፣ ለዕለት ዕለት ምርጥ ነው፣ ግን የሰው ምርጫ ስለሆነ ስትሸጡት የሠራችሁበትን ያህል አያመጣም። እኔ ምወደው መሀሉን ነው፦ ሚታየው ሁሉ እንደ ድሮው፣ ሚያቆመው ነገር ግን አዲስ።

ስለ ማቆም ካነሳን፣ የ65 እና 66 ማስታንግ ማስተር ሲሊንደሩ (የፍሬኑ ዋና ፓምፕ) ባለ አንድ ክፍል ነው፣ አንድ ጎማ ጋ የፍሬን ዘይት ቢፈስ የአራቱም ጎማ ፍሬን አብሮ ይጠፋል። ከ1967 ጀምሮ ባለ ሁለት ክፍል ሆነ። የቆየውን ከገዛችሁ ከቀለም በፊት፣ ከራዲዮ በፊት፣ ከምንም በፊት ማስተሩን ባለ ሁለት አድርጉ፣ ፊቱን ዲስክ ፍሬን ብታደርጉ ደሞ የተሻለ። ድራም ፍሬን ረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል መያዝ ይተዋል፣ ሼናንዶዋ ተራራ ላይ በዛ ፍሬን መውረድ ልጆች ይዛችሁ ምትሞክሩት ነገር አይደለም። ቀበቶውም ያው ወገብ ላይ ብቻ ነው፣ ባለ ሦስት ነጥብ ማስገባት ይቻላል።

ዘይቱም እንደ ዛሬ መኪና አይደለም፣ የድሮው ካምሻፍት (ቫልቮቹን ሚከፍተው ዘንግ) ዚንክ የበዛበት ዘይት ይፈልጋል፣ ተራውን የዘመኑን ዘይት ብታደርጉበት ካሙ ይበላል። የድሮ የነዳጅ ቱቦ ጎማዎች ደሞ ኢታኖል ያለበትን የዛሬውን ቤንዚን አይችሉም፣ ይሰነጠቃሉ፣ ሞተር ላይ ቤንዚን ማንጠባጠብ ደሞ እሳት ነው። አዲስ የነዳጅ ቱቦ በጥቂት ዶላር ነው፣ ገዝታችሁ ቤት ባስገባችሁበት ሳምንት ቀይሩት። ቢግ ብሎክ (ትልቁን የቪ8 አይነት) ከገዛችሁ በጋሎን 10 ማይል አካባቢ ጠብቁ።

የት ይፈለግ፣ በምን ይነዳ

ለዲኤምቪ ሰው ካርላይል፣ ፔንስልቬንያ የሁለት ሰአት መንገድ ነው፣ በየአመቱ ለፎርድ ለብቻው፣ ለክራይስለር ለብቻው ትልቅ ዝግጅት አለው። ከመግዛታችሁ በፊት እዛ ሂዱና ምትፈልጉትን ሞዴል ብዙ አይነት ጎን ለጎን እዩ፣ ባለቤቶቹ ኮፈን ከፍተው በፍቅር ያስረዷችኋል፣ ጥሩ የተሰራ የበር ክፍተት ምን እንደሚመስል አይናችሁ ይለምዳል። ፎቶ ላይ ሁሉም መኪና ቆንጆ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ገዝቼ ወደ አገር ቤት ልላከው ትላላችሁ። መንግስት ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ በቤንዚንና በናፍጣ ሚሰሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ስለከለከለ ያን ሀሳብ ለጊዜው አቆዩት፣ እዚሁ ሚነዳ መኪና ግዙ።

ቨርጂኒያ ላይ 25 አመት ያለፈው መኪና አንቲክ ታርጋ ይወስዳል፣ ግን በዛ ታርጋ ስራ መመላለስ አይፈቀድም፣ ለትርኢት፣ ለክለብ ዝግጅትና ከቤት እስከ 250 ማይል ለሚደርስ የመዝናኛ ጉዞ ነው። በየቀኑ ልነዳው ነው ካላችሁ ተራ ታርጋ አውጡ። ካሊፎርኒያ ያላችሁ ደሞ እስከ 1975 ሞዴል ድረስ ከስሞግ (የጭስ) ምርመራ ነፃ ናችሁ።

ኢንሹራንሱ ላይ ግን ተራውን የመኪና ኢንሹራንስ እንዳትገዙለት። ተራው መኪናው ሲጠፋ ወይ ሲጋጭ ያረጀ መኪና ብሎ ቀንሶ ነው ሚከፍለው፣ እንደ ሃገርቲ ያሉት የክላሲክ ኢንሹራንሶች ግን ዋጋውን መጀመሪያ ከናንተ ጋር ይስማሙና እሱኑ ይከፍላሉ፣ አግሪድ ቫልዩ ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሌላ የዕለት መኪና እንዳላችሁና ዝግ ጋራዥ እንዳለ ይጠይቃሉ፣ ወርሃዊ ክፍያው ግን ካላችሁት የዕለት መኪና ብዙ ጊዜ ያንሳል። የገዛችሁበትን ወረቀት፣ ያሰራችሁበትን ደረሰኝና ፎቶውን አንድ ፎልደር ውስጥ አድርጉ፣ በየሁለት አመቱ የተስማማችሁበትን ዋጋ ከገበያው ጋር አስተያይታችሁ አስቀይሩ፣ ቀለም ወይ ሞተር ባሰራችሁ ቁጥር ደሞ ወዲያው ደውላችሁ አሳውቋቸው።